የመድኃኒት ፓተንት ሕግና የነጋዴው ድርሻ

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርታዊ ጥናት

በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ እየተባለ የሚጠራው ቤት ሕዝቡ ለበዓልም ለምክክርም የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። አንድ አዋጅ ወይም ደንብ ሲረቀቅ ነጋዴው ሐሳቡን እንዲሰጥ የሚጠራው እንደዚህ ወዳለው አዳራሽ ነው። ነገር ግን ተጋባዡ ስለ ረቂቁ ምንም ሳያውቅ የመጣ እንደ ሆነ፣ የሚናገረው ስለ ቀረጥና ስለ ውጭ ምንዛሪ የሰነበተ ቅሬታውን ብቻ ይሆናል፤ የተጠራበትን ጉዳይ ሌሎች ይወስኑለታል።

ይህ ጥናት መሻሻላቸው ከማይቀር ሕጎች ስለ አንዱ፣ ይኸውም የመድኃኒትን ዋጋ ስለሚነካው የፓተንት ሕግ፣ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ያስረዳል። በመጀመሪያ ሲታይ ጉዳዩ የሕግ ዐዋቂዎችና የሐኪሞች እንጂ የንግድ ሰዎች አይመስልም። ዳሩ ግን አንድ መድኃኒት በአንድ አምራች ብቻ ወይም በብዙ አምራቾች እንዲሸጥ የሚወስነው ይህ ሕግ ነው። ከአንድ ሻጭ ብቻ የሚገዛ አስመጪ የተነገረውን ዋጋ ይቀበላል እንጂ ለመከራከር አቅም የለውም። የፋርማሲው ባለቤትም ይህንኑ ዋጋ ለበሽተኛው ያስተላልፋል። በመጨረሻ ዕዳው የሚያርፈው መድኃኒቱን ገዝቶ በሚውጠው ወይም መግዛት አቅቶት በሚመለሰው ሰው ላይ ነው።

1ኛ. ፓተንት ምን እንደ ሆነ

ፓተንት ማለት አንድ ሰው ወይም ድርጅት አዲስ ነገር ፈልስፎ ሲያቀርብ፣ ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲሠራውና እንዲሸጠው መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። ባለመብቱም በበኩሉ የፈጠራውን አሠራር ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ማንም ሰው ሊሠራበት ይችላል። አዲስ መድኃኒት ፈልጎ ማግኘት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ፈልሳፊው ያወጣውን ወጪ የሚመልስበት ዘመን ማግኘቱ ከፍትሕ የራቀ አይደለም። ክርክሩ የዘመኑ ርዝመትና የመብቱ ስፋት ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ ነው።

መድኃኒት ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጨርቅ የተወደደበት ሰው አሮጌውን ጠግኖ ይሰነብታል፤ መድኃኒት የተወደደበት በሽተኛ ግን የሚሰነብትበት የለውም። በዚህም ምክንያት ዛሬ በመድኃኒት ፋብሪካዎቻቸው የታወቁት አገሮች ሳይቀሩ ለመድኃኒቱ ራሱ ፓተንት መስጠት የጀመሩት ዘግይተው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ጀርመን በ1968፣ ጃፓን በ1976፣ ስዊዘርላንድ በ1977፣ ኢጣልያ በ1978፣ እስፓኝ ደግሞ በ1992 ጀመሩ። እነዚህ አገሮች በቅድሚያ ፋብሪካቸውን አጠነከሩ፤ ሕጋቸውን ያጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ነጋዴው ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ሀ) ፓተንት በአገር ወሰን የታጠረ ነው። በአሜሪካ ወይም በሕንድ የተሰጠ ፓተንት በኢትዮጵያ ውስጥ ኃይል የለውም። ባለመብቱ በኢትዮጵያ አመልክቶ ካልተሰጠው በቀር መድኃኒቱ በዚህ አገር ነጻ ነው።

ለ) ጀነሪክ መድኃኒት ሐሰተኛ መድኃኒት አይደለም። ጀነሪክ የሚባለው ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ ከመጀመሪያው መድኃኒት ጋር አንድ የሆነ፣ ጥራቱ ተመርምሮ የተመዘገበ፣ ነገር ግን በሌላ አምራች የተሠራ መድኃኒት ነው። ሐሰተኛ የሚባለው ግን ማንነቱን ወይም ይዘቱን ደብቆ ሰውን የሚያታልል ነው። ሁለቱን ማምታታት ለሕዝብ ጤናም ለንግድም ጎጂ ነው።

2ኛ. ውድድር ዋጋን እንዴት እንዳወረደ

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በነጻ መታደል የጀመረው ግን በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ የዓለም አቀፍ ለጋሾች ገንዘብ መገኘቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ገንዘብ ለብዙ ሰው ሊዳረስ የቻለው የመድኃኒቱ ዋጋ በዓለም ገበያ አስቀድሞ ስለ ወደቀ ነው።

ዋጋው የወደቀበት ምክንያት በሕንድ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕንድ በእ.ኤ.አ. 1970 ባወጣችው የፓተንት ሕግ ለመድኃኒት አሠራር እንጂ ለመድኃኒቱ ራሱ ፓተንት አትሰጥም ነበር። ስለዚህ የሕንድ ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በሌላ መንገድ አምርተው ለመሸጥ ይችሉ ነበር። ሲፕላ የተባለው ኩባንያ በእ.ኤ.አ. የካቲት 2001 ሦስት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን በአንድነት ለአንድ ሰው በዓመት በ350 የአሜሪካ ዶላር ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለተባለው ድርጅት ለመሸጥ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በበለጸጉት አገሮች የባለ ፓተንቶቹ ዋጋ በዓመት ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች አምራቾች እየተጨመሩ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በእ.ኤ.አ. 2023 ዶሉቴግራቪር የተባለውን አዲስ መድኃኒት የያዘው የሦስትዮሽ ክኒን በዓለም አቀፉ ፈንድ በኩል ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር በታች ይገዛ ጀመር።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ሌላም ትምህርት አለው። ዶሉቴግራቪር ፓተንት ያለው መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ባለመብቱ በስምምነት ለጀነሪክ አምራቾች ፈቃድ ስለ ሰጠ ውድድር ሊፈጠር ቻለ። እንግዲህ ዋጋ የሚወርድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይኸውም ፓተንት አለመኖሩ፣ ባለመብቱ በፈቃዱ ማካፈሉ፣ ወይም መንግሥት በሕግ ማስገደዱ ነው።

ለሦስተኛው መንገድ የሚጠቀሰው የሕንድ መንግሥት በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 የሰጠው ውሳኔ ነው። ባየር የተባለው ኩባንያ ለኩላሊትና ለጉበት ካንሰር የሚሰጠውን ሶራፌኒብ የተባለ መድኃኒት ለአንድ ወር በ280,000 የሕንድ ሩፒ ገደማ ይሸጥ ነበር። ናትኮ የተባለው የአገሪቱ ፋብሪካ ያንኑ በ8,800 ሩፒ እንዲሸጥ የግዴታ ፈቃድ ተሰጠው፤ ለባለመብቱም ከሽያጩ መቶኛ እንዲከፍል ታዘዘ። ፓተንቱ አልተሰረዘም፤ ባለመብቱም ያለ ካሣ አልቀረም።

3ኛ. የኢትዮጵያ አዋጅ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123ን ያወጣችው በ1987 ዓ.ም. ነው። ይህ አዋጅ ስለ መድኃኒት የተለየ ምዕራፍ የለውም። ሆኖም በውስጡ ለመድኃኒት ንግድ እጅግ የሚጠቅሙ ድንጋጌዎች ይገኛሉ። ብዙ አስመጪዎች በእነዚህ ድንጋጌዎች ጥላ ሥር እየሠሩ መኖራቸውን አያውቁም።

አንደኛ፣ የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ባለመብቱ ፈጠራውን በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ እየሠራበት መሆኑን ካስረዳ ብቻ 5 ዓመት ይጨመርለታል።

ሁለተኛ፣ ፓተንት የፈጠራውን ውጤት ወደ አገር ውስጥ ለማስገባት የብቸኝነት መብት እንደማይሰጥ አዋጁ ይደነግጋል። ይህ ለአስመጪው ዋነኛው ነጥብ ነው። በኢትዮጵያ ፓተንት የተሰጠበትም መድኃኒት ቢሆን፣ ከሌላ አገር ስለ ገባ ብቻ አስመጪው ሊከሰስ እንደማይገባ የሚያሳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ለአገር ደኅንነት፣ ለምግብ፣ ለጤና ወይም ለሌሎች ዋና ዋና የኢኮኖሚ ዘርፎች አስፈላጊ በሆነ ጊዜ፣ ለባለመብቱ ተገቢ ካሣ ተከፍሎ በፈጠራው ለመጠቀም ይቻላል። ፈጠራው ሥራ ላይ ሳይውል የቀረ እንደ ሆነም የግዴታ ፈቃድ የሚሰጥበት ሥርዓት ተመልክቷል።

4ኛ. የዓለም ንግድ ድርጅትና የጊዜው ገደብ

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻ ያቀረበችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። ከብዙ ዓመት ዝግታ በኋላ ድርድሩ ተፋጥኖ፣ አምስተኛው የሥራ ቡድን ስብሰባ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በጄኔቫ ተደርጓል። የድርጅቱ አባል የሆነ አገር ትሪፕስ በመባል የሚታወቀውን የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት መቀበል አለበት። በዚህ ስምምነት መሠረት የፓተንት ዘመን ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ከ20 ዓመት አያንስም፤ መድኃኒትም ከፓተንት ውጭ ሊደረግ አይችልም፤ ባለመብቱም ሌሎች እንዳያስገቡ የመከልከል መብት አለው። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሱት አንደኛውና ሁለተኛው ድንጋጌዎች ከስምምነቱ ጋር የሚጋጩ ናቸው ማለት ነው።

ከ15 ወደ 20 ዓመት መዛወር ትንሽ ጭማሪ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን መመልከት ያሻል። የፓተንት ዘመን የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን እንጂ መድኃኒቱ ገበያ ከዋለበት ቀን አይደለም። አንድ መድኃኒት ተመርምሮ ለገበያ እስኪበቃ 10 ዓመት ቢፈጅ፣ በ15 ዓመቱ ሕግ ለብቻ የሚሸጥበት ዘመን 5 ዓመት ነው፤ በ20 ዓመቱ ሕግ ግን 10 ዓመት ይሆናል። በወረቀት ላይ የተጨመረው ሢሶ ሲሆን በገበያ ላይ የተጨመረው ግን እጥፍ ነው።

ይሁን እንጂ ስምምነቱ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አባል አገሮች ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። እነዚህ አገሮች የመድኃኒት ፓተንትን እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2033 ድረስ ለማስከበር አይገደዱም፤ ጠቅላላው የስምምነቱ እፎይታም እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2034 ይዘልቃል። አገሩ ከዚህ ደረጃ አስቀድሞ ከወጣ ግን እፎይታው በዚያው ያበቃል። በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2001 በዶሃ የተሰጠው መግለጫም ስምምነቱ አባል አገሮች የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ የማይከለክል መሆኑን አረጋግጧል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የሚገባ አገር በድርድር ጊዜ ነባሮቹ ካለባቸው ግዴታ በላይ ቃል ሊያስገቡት ይችላሉ። ካምቦዲያ በእ.ኤ.አ. 2004 አባል ስትሆን ስምምነቱን ከ2007 ጀምሮ ልትፈጽም ቃል ገብታለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ለሌሎቹ መሰል አገሮች የመድኃኒት ፓተንት እፎይታ እስከ 2016 የሚዘልቅ ነበር። በእጅ ያለን መብት በራስ ፊርማ ማሳለፍ ከባድ ኪሣራ ነው።

5ኛ. ቁልፉ በሻጩ አገር ሲሆንና መንገዱ ሲዘጋ

የኢትዮጵያ ሕግ የቱንም ያህል ቢመች፣ መድኃኒቱ የሚገዛበት አገር ሕግ ሊያግደው ይችላል። ሕንድ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ለመድኃኒቱ ራሱ ፓተንት መስጠት ስለ ጀመረች፣ አዳዲስ መድኃኒቶችን እንደ ቀድሞው ከዚያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 የተፈቀደው ሥርዓት፣ ፋብሪካ ለሌለው አገር ሲባል በሌላ አገር በግዴታ ፈቃድ ተመርቶ እንዲላክ ያስችላል። ሩዋንዳ በዚህ ለመጠቀም ፍላጎቷን ያስታወቀችው በሐምሌ 2007 ሲሆን፣ ከካናዳ የመጀመሪያው ጭነት የተላከላት በመስከረም 2008 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅ ሥርዓት ለበሽተኛ የሚመች አይደለም።

መንገዱም ራሱ አደጋ አለው። በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2008 ከሕንድ ወደ ብራዚል ይጓዝ የነበረ ሎሳርታን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት በኔዘርላንድ ጉምሩክ ተያዘ። መድኃኒቱ በሕንድም በብራዚልም ፓተንት አልነበረበትም፤ የተያዘው በሚያልፍበት አገር ፓተንት ስላለበት ነው።

ይህ ነገር ለሐዋሳ ነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከተማው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛልና የጎረቤት ሕግ ይመለከተዋል። ኬንያ በእ.ኤ.አ. 2008 ያወጣችው የሐሰተኛ ዕቃ መከላከያ ሕግ ጀነሪክ መድኃኒትን ከሐሰተኛ ጋር ሊደባልቅ የሚችል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2012 የሕመምተኞቹን አቤቱታ ተቀብሎ ፈርዶባታል። በሌላ በኩል ያችው ኬንያ በ2001 ባወጣችው የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ፣ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ ለገበያ የቀረበ መድኃኒት በርካሽ ተገዝቶ እንዲገባ ፈቅዳለች። ከአንድ ጎረቤት መጥፎውንም በጎውንም መማር ይቻላል።

6ኛ. ፓተንት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከሚገኙት አብዛኞቹ የፓተንት ዘመናቸው ያለፈ ነው። የአሞክሲሲሊን ወይም የፓራሲታሞል ዋጋ ቢወደድ ምክንያቱ ፓተንት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ፣ የመርከብና የመኪና ኪራይ፣ የምዝገባ መዘግየት፣ የደላላ ብዛት ምክንያት ይሆናሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ለሚያስገባ አገር ትልቅ ለውጥ ነው። ፓተንት የሚከብደው በአዳዲሶቹ የካንሰር፣ የኤች አይ ቪ፣ የጉበትና መድኃኒት የተላመደ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ላይ ነው። እነዚህ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቁጥራቸው የሚጨምርና ዋጋቸውም ቤተ ሰብን የሚያራቁት ናቸው። ምንዛሪውን ነጋዴው ሊወስነው አይችልም፤ በሕግ ረቂቅ ላይ ግን ሐሳቡን ሊሰጥ ይችላል።

7ኛ. ሕጉ ሲሻሻል ሊጠየቁ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ለመድኃኒት የተሰጠው የአስመጪነት ነጻነት እፎይታው እስከሚያበቃበት እስከ እ.ኤ.አ. 2033 ድረስ ሳይነካ እንዲቆይ፤ ከዚያም በኋላ ከሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛን መድኃኒት ማስገባት በግልጽ እንዲፈቀድ።

2. በአሮጌ መድኃኒት ላይ ጥቂት ለውጥ አድርጎ አዲስ ፓተንት መጠየቅ እንዲከለከል። ሕንድ በዚህ ምክንያት የኖቫርቲስን የግሊቬክ ማመልከቻ በእ.ኤ.አ. 2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ውድቅ አድርጋለች። በመጋቢት 2023 ደግሞ ቤዳኩሊን በተባለው የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ የቀረበውን ተጨማሪ ጥያቄ አልተቀበለችም። በ2020 ለስድስት ወር ሕክምና 340 ዶላር የነበረው የዚሁ መድኃኒት ዋጋ፣ ተወዳዳሪ በቀረበበት በ2023 ወደ 130 ዶላር ወርዷል።

3. በግዴታ ፈቃድ ጉዳይ ማን እንደሚወስን፣ በስንት ቀን እንደሚወስንና ካሣው በምን እንደሚሰላ በግልጽ እንዲጻፍ። ጊዜና ሹም ያልተወሰነለት መብት የማይከፈት መጋዘን ነው።

4. የጀነሪክ አምራቾችና አስመጪዎች የፓተንቱ ዘመን ሳያልቅ መድኃኒቱን አስመርምረው እንዲያስመዘግቡ እንዲፈቀድ፤ ይህ ከሆነ ዘመኑ ባለቀ ማግስት ሽያጭ ይጀመራል። ካልሆነ ግን ምዝገባው የሚፈጀው ጊዜ ሁሉ ለባለመብቱ ያልተጻፈ ጭማሪ ይሆንለታል።

5. የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥራትንና ደኅንነትን እንዲመረምር እንጂ የፓተንት ጠባቂ እንዳይሆን፤ የመጀመሪያው አምራች ያስገባው የምርመራ ማስረጃም ሌሎችን ከምዝገባ የሚከለክል ሁለተኛ ፓተንት እንዳይሆን።

8ኛ. ነጋዴው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው

አስመጪው ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ፓተንት አለበትን? በሻጩ አገርስ? በሚያልፍበት ወደብስ? የመጀመሪያውን ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይጠይቅ፤ ሁለተኛውን ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት በውሉ ውስጥ ያስገባ፤ ሦስተኛውን ከጭነት አስተላላፊው ጋር ተነጋግሮ መንገዱን ይምረጥ። ስለ ባለመብቱ የፈቃድ ስምምነትም ይጠይቅ፤ ኢትዮጵያ በስምምነቱ ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ከሆነች በርካሹ መግዛት ይቻላልና።

ላኪው ወይም ባለፋብሪካው በበኩሉ በኢትዮጵያ ነጻ የሆነ መድኃኒት በጎረቤት አገር ፓተንት ሊኖርበት እንደሚችል አይዘንጋ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የመድኃኒት ፋብሪካዎች ማስፋፊያ ዕቅድና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቋቋም የአገር ውስጥ ምርት ከራስ ፍጆታ አልፎ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተስፋ የሚሰጡ ናቸው። ይህ ተስፋ የሚፈጸመው ግን የገዢውን አገር ሕግ አስቀድሞ በማወቅ ነው።

የፋርማሲ ባለቤት ደግሞ ለደንበኛው የመድኃኒቱን የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን መደበኛ ስሙን ያስረዳ። ሐኪሙ በመደበኛ ስሙ ያዘዘው እንደ ሆነ በተመሳሳይ ጥራት የሚገኘውን ርካሹን ያሳየው። በሽተኛው ውዱን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ርካሹ ሐሰተኛ እየመሰለው ነው፤ ይህን ጥርጣሬ ሊያስወግድ የሚችለው በመደርደሪያው ኋላ የቆመው ባለሙያ ነው።

መደምደሚያ

የፓተንት ሕግ ለፈልሳፊው ዋጋውን የሚከፍል፣ ለበሽተኛውም በሩን የማይዘጋ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። የ1987ቱ አዋጅ ለኢትዮጵያ ነጋዴና በሽተኛ አንዳንድ በሮችን ክፍት አድርጎ አቆይቷል፤ ከእነዚህ የትኞቹ እንደሚዘጉና የትኞቹ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆዩ የሚወስነው በድርድርና በረቂቅ ላይ የሚነገረው ቃል ነው። እንግዲህ ረቂቁ ወደ ሐዋሳ ባህል አዳራሽም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ አዳራሽ በመጣ ጊዜ፣ ነጋዴው ከላይ የተዘረዘሩትን 5 ነጥቦች በኪሱ ይዞ ይግባ። ስለ ቀረጡ የሚናገርበት ሌላ ቀን ያገኛል፤ ለ20 ዓመት የሚያስር ሕግ ከጸደቀ በኋላ ግን የሚሰማው ጉባዔ አያገኝም።